የአባቴ ሰፋፊ ጎማዎች

አዲስ ጎማ ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። ጂንካ ውስጥ ጎማ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ያ የሚከረፋ የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ከመታው፣ ዛሬም መንገዱን ተሻግሬ በማዶ በኩል ነው የምሄደው። ሽታው የድሮ ግቢያችንን፣ አባቴንና የብረት መጋዙን ይዞብኝ ይመጣል።

ፒካፗ የእናቴ ነበረች። ነጋዴው አያቴ ሲሞት ለአንድያ ልጁ የተወላት አሮጌ መኪና ስትሆን፣ የሚነዳት ግን አባቴ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ጭኖ ቀይ አፈር ገበያ ይሄዳል፣ በበጋ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ዳር እስካለችው መንደር እስከ ዱስ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ሰው ፊት «መኪናዬ» ሲል እማዬ ከጓዳ ሆና «የአባቴ መኪና» ብላ ታርመው ነበር። በዚህ ነገር ያልመረረ ቁርስ የበላንበት ጠዋት ትዝ አይለኝም።

አንድ በጋ መኪናዋ ኩርባ ላይ መንገዋለሏ አባቴን አንገበገበው። እርጅና ነበር፤ እሱ ግን ጥፋቱ የጎማዎቹ መጥበብ ነው ብሎ ደመደመ። «ሰፋ ያለ ጎማ ቢገባላት መሬት ቆንጥጣ ትይዛለች» እያለ ሰፈሩን ሲያሰለች ከርሞ፣ ማንንም ሳያማክር ከአርባ ምንጭ ሰፋፊ ጎማዎች አስመጣ። ሲገጥማቸው፣ መሪው በዞረ ቁጥር የጎማው ጠርዝ ከላዩ ካለው ቆርቆሮ ጋር ይፋተግ ጀመር። ጎማዎቹን ይመልሳል ብለን ስንጠብቅ መጋዝ አምጥቶ ቆርቆሮውን ይገዘግዘው ገባ። እማዬ የታጠበ እጇን ሳታደርቅ እየሮጠች ወጣች።

«የአባቴን መኪና ቁረጥ ያለህ ማነው?»

አባቴ ቀና እንኳ አላለም። «መኪና ላይ የሚያዝ የሚነዳት ነው፣ ሙት አያዝባትም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዘጋጉ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ «ለአባትሽ እራት ቀርቧል በይው»፣ «ለእናትሽ አልራበኝም በያት» እያሉ በእኔ በኩል ይነጋገሩ ነበር፤ እኔም የሁለቱንም ቁጣ እየተሸከምኩ እመላለስ ነበር።

ባልወድም እውነቱን ልናገር፣ ጎማዎቹ በበጋ ሠርተውለታል። ወደ ዱስ በሚወስደው አሸዋ የሌሎች መኪና ሲቀበር የእሱ ግን ላይ ላዩን ትሄዳለች፣ ኩርባም ላይ ሳትንገዋለል ትዞር ነበር። ጉራው ግን አይቻልም፤ እንግዳ ሲመጣ ቁጭ በል ከማለቱ በፊት ጎማ ያስጎበኝ ነበር። አንድ ቀን ቀይ አፈር ላይ አንድ የበና ሽማግሌ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አይቶ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ይሄ መኪና፣ የሌላ ሰው ጫማ ለብሷል» ቢለው ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ለሽማግሌው ሳሙና አልሸጥም አለ።

ከዚያ በልግ ገባ። ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይረግጥ ነበር፤ ሰፊው ግን ጭቃው ላይ ተንሳፍፎ፣ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ይንሸራተት ጀመር። አሮጌዎቹን ጎማዎች እማዬ እህል ቤት አስቀምጣቸው ነበርና፣ ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ራሷ አናገረችው።

«ዝናቡ እስኪያልፍ እንኳ አሮጌዎቹን መልሳቸው።»

«በሴት ምክር ጎማ አልፈታም» አላት።

በዚያው ሳምንት እሷም ቅቤ ልትገዛ አብራን ቀይ አፈር ሄደች፣ እኔ መሀል ተቀመጥኩ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ በጎኗ መንሸራተት ጀመረች፤ አባቴ መሪውን ቢጠመዝዝ ቢጠመዝዝ አልሰማ ብላው፣ በእማዬ በኩል ቦይ ውስጥ ተጋደመች። እማዬ ቀኝ ክንዷ ከሥሯ ታጥፎ ትጮኻለች፣ እኔ ላይዋ ላይ ወድቄያለሁ። አባቴ በላይኛው በር ወጣ። እጁን ይዘረጋልናል ብዬ ወደ ላይ አንጋጥጬ ስጠብቀው፣ መኪናዋን ዞሮ አየና «ጎማው ደህና ነው!» አለ። ጎትተው ያወጡን ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ሰው መጥላት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ፤ የጠላሁትም አባዬ ብዬ የምጠራውን ሰው ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ መጡ። አባቴ «ጭቃው ነው፣ ጭቃው ነው» ይላል። እማዬ ደህናውን እጇን ዘርግታ «ቁልፉን» አለች ብቻ። ሽማግሌዎቹ ፊት እምቢ ማለት አፈረና ሰጣት። በማግስቱ አሮጌዎቹ ጎማዎች ገቡ፣ መሪውንም ቅጥር ሹፌር ያዘው፤ አባቴ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ጨውና ሳሙና በምንሸጥበት ሱቃችን ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያንን ሹፌር ሲረግም ይውል ነበር። የእማዬ ክንድ ግን ተጣሞ ቀረ፣ አባቴ አመመሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት አንድ ቀን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቀይ አፈር አስፋልት ነው። ያኔ ግማሽ ቀን እየተንገላታን የምንደርስበትን መንገድ ዛሬ በራሴ መኪና እያወራን እንጨርሰዋለን፤ እማዬ ከኋላ ትቀመጣለች፣ አባቴ ከጎኔ ሆኖ «ጎማሽ ጠበበ» ይለኛል። ያኔ ጥፋቱን ሁሉ በጭቃው ያሳብብ ነበር፤ አሁን ጭቃ የለም። ስንደርስ እማዬ የማይዘረጋ ክንዷን ደረቷ ላይ ይዛ በግራ እጇ ከበሩ ጋር ትታገላለች። እሱ በመስታወት ያያታል። ወርጄ የምከፍትላት እኔ ነኝ።