ዓባይን በእንስራ ያጠራሁበት ክረምት

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ካርቱም ላለ አንድ የምህንድስና ኮሌጅ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት ብየዳ ቤት ተልኬ የውሃ ቱነል ሠራሁ። በብረት የታሰረ ረጅም የመስታወት ሣጥን ነው። ሞተር ውሃውን ያዞረዋል፤ መሐሉ ላይ መዳፌን የምታክል የአውሮፕላን ክንፍ ትቆማለች፤ ከፊቷ በቀጭን መርፌ ቀለም ይለቀቃል። ነፋስ ክንፍን እንዴት እንደሚያልፍ በዐይን አይታይም፤ የቀለሙ ክር ግን ያሳያል።

ይህን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤ የተሰደድኩት ሜካኒካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው። ለኮሌጁ ላብራቶሪ ኃላፊ ይህንኑ ስነግረው፣ «ክሩ ይታይ እንጂ እዚህ ኮሌጅ የመግቢያ ደብዳቤህን እኔ እጽፍልሃለሁ» አለኝ። አመንኩት፤ ሞኝ!

ዓባይ ሞልቶ የቧንቧው ውሃ ሻይ በወተት መስሏል። ሣጥኑን ሞላነው፣ ቀለም ለቀቅን፣ ምንም አይታይም። ኃላፊው ተማሪዎቹ ፊት ሳቀና «አንተ ሐበሺ፣ ይሄ ጭቃ ከሀገርህ ነው የመጣው፤ አንተው አጥራው!» አለኝ።

አጠራሁታ! ዚር የሚሉትን፣ ውሃ በገላው የሚያንጠባጥብ ትልቅ የሸክላ እንስራ ሦስት ተውሼ ላብራቶሪው ጥግ ደረደርኩ። በየቀኑ ድፍርሱን ከላይ እሞላለሁ፣ የጠራውን ከሥር በሳፋ እቀበላለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ወገቤ ተቆረጠ። በመጨረሻ ቀለሙን ስለቅ ክሩ ክንፏን ታክኮ አለፈ። ብቻዬን ጮህኩ፤ እንባዬም መጣ።

እንግዶች በመጡ ቀን ሰውየው «የተማሪዎቻችን ሥራ ነው» አለ። አንዲት እንግዳ፣ ክንፏ ቀና ስትል ክሩ ከጀርባዋ ለምን እንደሚበጠስ ጠየቀች። ተማሪዎቹ ወደ ኃላፊው ዞሩ። እኔ መለስኩ፦ «በጣም ቀና ስትል ውሃው ጀርባዋን ይዞ መሄድ ያቅተዋል። አውሮፕላንም እንዲህ ሲሆን ነው የሚወድቀው።»

«ማነው?» አለች ሴትዮዋ።

ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «የቧንቧ ሠራተኛችን ነው፤ ሲሰማ ሲሰማ ለመደ» አለ። ሁሉም ሳቁ።

እንግዶቹ ሲወጡ ደብዳቤዬን ጠየቅኩት። «ቡክራ፣ ኢንሻላህ» አለኝ፤ ነገ ማለቱ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሄጄ የቱነሉን ማፍሰሻ ቧንቧ ከፈትኩት። ውሃው ጫማው ሥር ደረሰ።

«አበድክ እንዴ?»

«ጭቃው የሀገርህ ነው ብለኸኝ የለ? የጠራውም የእኔ ነው!»

ውሃውን በማፍሰሴ አልጸጸትም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአንድም ኮሌጅ በር አላንኳኳሁም። ሰውየው የቧንቧ ሠራተኛ ነው ሲል፣ ለካ እኔም አምኜው ኖሯል።