በባልደረባዬ ስም የታየው ዓይኔ

ዓይኔ ከራሴ አልፎ ለሰው የሚተርፍ ይመስለኝ ነበር። የግመል ጆሮ ከሩቅ እለያለሁ እያልኩ ስለምጎርር፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው ባልደረባዬ መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ሲጠየቅ «አንተ ግባልኝ» አለኝ። የሱ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ሚስቱ እንኳ አታውቅም። እኛ ሹፌሮች ጎማም ክሪክም እንዋዋሳለን። ዓይን መዋዋስ ምን ነውር አለው? መታወቂያው ላይ የሚታየው ጺም ብቻ ነው፤ ጺም ደግሞ እኔም አለኝ። ይዤው ሰመራ አንድ ክሊኒክ ገባሁ።

ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። ሐኪሟ ግን አልበቃትም፤ ጠብታ ጨምራ፣ ብርሃን አብርታ የዓይኔን ጀርባ ታይ ጀመር። ይኼን ያህል ምን ታያለች ብዬ ተናደድኩ።

«ዓይንዎ ጥሩ ያያል» አለች በመጨረሻ። «ደም ስሮቹ ግን ጠበዋል፤ የደም ነጠብጣብም አለ። የቆየ የደም ግፊት ይመስላል፤ ልብዎንም ጎድቶት ሊሆን ይችላል።»

ክንዴን አስራ ለካች፤ ቁጥሩን አይታ ደግማ ለካች። ኪኒን፣ የልብ ምርመራ ማዘዣ፣ እስከዚያ መንዳት ክልክል የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። ሁሉም በባልደረባዬ ስም።

ሚስቱ አዋሽ ሰባት ኪሎ ምግብ ቤት አላት። ለባሏ የሰጠሁትን ወረቀት ከኪሱ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ለሱ ጨው የሌለው ሽሮ፣ አጠገቡ ለምቀመጠው ለኔ ጮማ ጥብስ። ኪኒኑን ቆማ ታስውጠዋለች፤ እሱ ጉንጩ ውስጥ ይደብቅና በጠረጴዛ ስር ያቀብለኛል። እኔ በመኪናዬ መስኮት እወረውረዋለሁ። የኔ ወረቀት ንጹህ ነው፤ በሽተኛው እሱ ነው። የምሬን ነው፣ አምኜው ነበር።

አንድ ቀን ዲቾቶ መንገድ ላይ ስነዳ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከፊቴ ያለው ተሳቢ ሁለት ሆነብኝ። መኪናዬን ዳር አስይዤ መሪው ላይ ተደፋሁ። ፈራሁ፤ ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

በሰው መኪና ተሳፍሬ አዋሽ ደረስኩ። ሚስቱ ሽሮውን ለባሏ፣ ጥብሱን ለኔ ስታስቀምጥ «እህቴ፣ በሽታው የኔ ነው» አልኳት። የባሏን ዓይን ጨምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። «ወላሂ፣ ብትሞት እኮ በወረቀቱ የታመመው የኔ ባል ነው! ሚስትህን ምን ሊሏት ነበር?»

ሳህኖቻችንን አቀያየረችና «ደውልላት» ብላ ስልኬን አስያዘችኝ። ሚስቴ «ሄሎ» ስትል የጎረስኩትን ጨው አልባ ሽሮ ዋጥኩ።

«ታምሜያለሁ» አልኳት። «እኔው ራሴ።»