ቢጫ የሐዘን ልብስ

በቴአትር ቤቱ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «እትዬ መርፌ» ነው የሚላቸው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነገሥታትን ሲያለብሱና ሲያስወልቁ ኖረዋል። «ከእኔ በላይ ንጉሥ ያወረደ ማን አለ? ዘውዱን ተቀብዬ ምስማር ላይ ነው የምሰቅለው» እያሉ ይቀልዳሉ።

በዚህ ዓመት ያ የታወቀው አሮጌ ትራጄዲ እንደገና ሊታይ ተወሰነ። ታሪኩን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ንጉሡ ያመፀበትን የገዛ ልጁን ያስገድላል። በማግስቱ እናቲቱ ንግሥት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ትገባለች፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ከዙፋኑ አጠገብ ትቀመጣለች። አዲሱ አዘጋጅ፣ ጎበዝ ግን ትንሽ ችኩል ወጣት፣ ይህ አልተዋጠለትም።

«እትዬ፣ ቀሚሱን ጥቁር ያድርጉልኝ» አላቸው ልብስ ሊያይ መጥቶ። «ልጇ በተገደለ ማግስት ቢጫ? ተመልካቹ በሳቅ ነው የሚፈርሰው። የማተሚያ ቤት ስህተት ሳይሆን አይቀርም።»

እትዬ መርፌ አዘጋጅ ያዘዘውን ሰፍቶ ማስረከብ ነው ልማዳቸው። ያን ቀን ግን ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መቀሱን አስቀመጡ።

«ስህተት አይደለም፣ የኔ ልጅ። የመጀመሪያውን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከንግሥቲቱ በፊት በሐዘን ቢጫ የለበሰችው ደግሞ እናቴ ናት።»

ንግሥቲቱን የምትጫወተው ወጣት ተዋናይት ይህን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አዘጋጁ ቆሞ ቀረ።

«ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር» ብለው ጀመሩ። «ወንድሜ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ ያዘጋጃል። በራሪ ወረቀት አትመሃል ብለው ወሰዱት። በሦስተኛው ሳምንት ስሙ ከተገደሉት ጋር በሬዲዮ ተነበበ። ቀጥሎ ትእዛዝ መጣ፦ የሟች ቤተሰብ ጥቁር አይለብስም፤ ድምፅ አውጥቶ አያለቅስም። ሲነጋ ሁለት ጠመንጃ ያዢዎች በራችን ላይ ቆመዋል። እናቴ ታናናሾቼን አየት አደረገች። ከዚያ ያላትን ደማቅ ልብስ፣ ቢጫውን ቀሚስ፣ ከሣጥን አውጥታ ለበሰችና በመሃላቸው አልፋ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ቀና ብላ፣ እንባዋን ወደ ውስጥ እያፈሰሰች።»

ከመንገዱ ማዶ የሚኖር አንድ የታሪክ መምህር ይህን በመስኮቱ አየ። እንዳለ ቢጽፈው እሱም የተገደሉትን እንደሚከተል ያውቃል። ስለዚህ ነገሩን ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው፤ ለወታደሩ ዘውድ ጫነለት፣ ለእናቲቱ ቤተ መንግሥት ሠራላት። ሳንሱሩ አንብቦ «የጥንት ንጉሥ ተረት ነው፤ ይለፍ» አለና ማኅተሙን መታበት። ሰሙን ይዞ ሄደ፤ ወርቁ ለሕዝቡ ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን ንግሥቲቱ በቢጫ ቀሚስ ስትገባ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ከኋላ አንዲት ሴት ሲቃ ያዛት። ቀጥሎ ሌላዋ። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ማልቀስ የተከለከለ ሁሉ ትኬት እየቆረጠ ይመጣ ጀመር፤ ቴአትር አይቶ ማልቀስ ወንጀል ነው የሚል ትእዛዝ ገና አልወጣማ!

በዘጠነኛው ቀን ሰዎቹ መጡ። «ቢጫ ያለው ማነው?» ብለው ሲያፈጡ፣ የዚያን ጊዜው የልብስ ክፍል ኃላፊ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ፊታቸው ሳይለዋወጥ «ጥቁር ጨርቅ አልቆብን ነው፣ ጌታዬ። ዘንድሮ ፈላጊው በዛ» አሏቸው። ቴአትሩ ተዘጋ። መምህሩም ከሥራው ተባሮ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደ፤ ዳግመኛ ብዕር አልጨበጠም።

«እናትዎስ አይተውት ነበር?» አለች ተዋናይቷ ቀስ ብላ።

«በአምስተኛው ቀን እጇን ይዤ አመጣኋት። ንግሥቲቱ ስትገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹ያቺ እኮ እኔ ነኝ› አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። መጋረጃው ወርዶ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶም አላቆመችም። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ጥግ ላይ ቆመች እንጂ ተነሺ አላለቻትም።»

አዘጋጁ አንገቱን ደፋ። «ስለዚህ ድርሰት የተጻፈውን ሁሉ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ» አለ። ቢጫውን ጣቃ ራሱ ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረላቸውና በዝግታ ወጣ።

ተዋናይቷ ግን አልተነሣችም።

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

እትዬ መርፌ ቀና አሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ውይ፣ እሱ ተንኮለኛ!» አሉ ፊታቸው ወከክ ብሎ። «ፊደል በኪሱ ይዞ ይመጣና ስሜን ሳሙና ላይ ያትመዋል። ሁሌ አንድ ፊደል ይገድፋል። እናቴ ሳሙናዬን አበላሸህ ብላ ስትቆጣ ‹የመጀመሪያ እትም ነው እማዬ፣ ታርሞ ይወጣል› ይላታል!»

ሜትሩን በልጅቷ ወገብ ዙሪያ እያዞሩ ስለ ፉጨቱ፣ ቆሞ ስለ መብላቱ፣ ስለ ጠማማ አረማመዱ አወሩላት። እየሳቁ ልኳን ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ረሱት።