የሩታ ቀብድ

በድሉ ካልጋሪ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ሞል ውስጥ የሰው ፊልም ያጥባል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ካሜራውን አንጠልጥሎ ሠርግና ክርስትና ያነሳል። ሜይላንድ ሃይትስ በሚባል ሰፈር የተከራየውን ምድር ቤት ግማሹን በጥቁር መጋረጃ ከልሎ ስቱዲዮ ብሎታል። አዲስ አበባ ሳለ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል፤ እዚህም ሐበሻው ፎቶ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው። ዕድሜው ወደ አርባው ተጠግቷል። ሰዓት ያከብራል፣ አልበሙን ባለው ቀን ያስረክባል፣ በገንዘብ ነገር ስሙ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ኋላ የመጣው ነገር እንደዚያ የከነከነው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 መጀመሪያ ላይ እትዬ ደመቀች አስጠሩት። እትዬ ደመቀች የፀጉር ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍቱ ስለሆነ ለመስኮቱ የሚሰቀል ትልቅ ፖስተር ፈለጉ። አጭር የሴት ፀጉር አቆራረጥ እንዲታይላቸው ነው ሐሳባቸው። ሞዴሏን እሱ እንዲፈልግ ነገሩትና የእሷን ክፍያ ግማሹን በእጁ ሰጡት።

«ቀብዷን ዛሬውኑ ስጣት» አሉት። «ቀኗን የምትይዝልን እኮ እሱን ስታገኝ ነው።»

ለበድሉ ወዲያው ትዝ ያለችው ሩታ ናት። ሩታ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ዳውንታውን አንድ ሕንፃ ውስጥ ቡና ትሸጣለች፤ በተረፈው ጊዜ ለልብስ ቤቶች ማስታወቂያ ፎቶ ትነሳለች። ወኪል የላትም፣ ስልኩን የምታነሳውም ዋጋ የምትነጋገረውም ራሷ ናት። ስትሄድ ወገቧ ላይ የሚወዛወዝ ረጅም ፀጉር ነበራት። በድሉ ሥራው መቆረጥን እንደሚጠይቅ ሲነግራት ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ከርሞም ይበቅላል ብላ ተስማማች። ብቻ አንድ ነገር አነሳች። ብዙ ጊዜ ቀን ከመያዟ በፊት ግማሹን ዲፖዚት እንደምትቀበል በትሕትና ነገረችው።

በድሉ በዚያው ሳምንት የካሜራው መብራት፣ ፍላሹ፣ ተበላሽቶበት ነበር፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ አለበት። እትዬ ደመቀች የሰጡት ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ነው። የፖስተሩ ፎቶ የሚነሳው ቅዳሜ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ቀሪውን ይቀበላል፤ ያኔ ሙሉውን ለሩታ ያስረክባታል፣ ማንም አይጎዳም። እንዲህ ብሎ አሰበና ሳቀባት።

«በአገር ልጅ መሃል ደግሞ ቀብድ ምንድን ነው፣ ሩትዬ?»

ሩታ አፈረች። «እሺ ጋሼ በድሉ፣ እርስዎ ካሉ» አለችው። እሱም በዚያው ቀን በገንዘቡ ፍላሹን አሠራ።

ሐሙስ ዕለት ሩታ እትዬ ደመቀች ፀጉር ቤት ሄዳ ተቆረጠች። የቆረጠቻት የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ እትዬ ደመቀች ለዕቃ ግዢ ወጥተው ስለነበር አልተገናኙም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ደመቀች በድሉ የሚሠራበት ድረስ መጡ። የሻምፖ አቅራቢያቸው ከነፖስተሩ፣ ከነሞዴሉ፣ ያለቀለት ሥዕል በነጻ ልኮላቸዋል። አዲስ ሱቅ መክፈት ብዙ ወጪ አለበትና እምቢ ለማለት አቅም አልነበራቸውም። የነገው ሥራ ቀርቷል።

«ልጅቷ ግን አሳዘነችኝ» አሉ። «ፀጉሯ ሄዷል፣ ቀኗንም ይዘንባታል። የሰጠሃት ቀብድ ለእሷ ይቅር፤ መልሺ እንዳትላት።»

እዚያ ላይ መናገር ይችል ነበር። እስካሁን አልሰጠኋትም፣ ዛሬ እሰጣታለሁ ቢል እትዬ ደመቀች ጥቂት ገርሟቸው ያልፉት ነበር። አፉ ግን «እሺ እትዬ» አለ። ወዲያው አንድ ደንበኛ ፊልም ይዞ መጣና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ማታ ለሩታ ደወለላት፤ ስላላገኛት የቅዳሜው ሥራ መቅረቱን መልእክት መቅጃዋ ላይ ተወላት። ቅዳሜ ጠዋት መልሳ ደወለች። አልጮኸችም። በዚያው ቀን አንድ የሙሽራ ልብስ ቤት ፈልጓት እምቢ ብላ እንደነበር፣ አሁን መልሳ ብትጠይቃቸው በአጭር ፀጉር አንፈልግሽም እንዳሏት፣ የቡና ቤት ሺፍቷንም ለሌላ ሰው ሰጥታ እንደነበር ነገረችው።  በድሉ ይህ ሁሉ ምን እንደሚጠይቀው ገብቶታል።

«ደንበኛዋ ካንስል አደረገች፤ ምን ላድርግ ብለሽ ነው» አላት። «ለእኔም ምንም አልተረፈኝ።»

«አይ፣ ምንም አይደል» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ፍላሹን አይቶ ወደ ቦርሳው ከተተው። ለራሱ ብዙ ምክንያት ሰጠ። የዚህ ወር ደመወዝ ሲመጣ እሰጣታለሁ አለ። ደመወዙ ሲመጣ የቤት ኪራይ ደረሰ፤ የሚቀጥለው ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡን መስጠት ብቻውን የማይበቃ ሆነ፣ ምክንያቱም ለምን እንደዘገየ መናገር አለበት። ቀኑ በገፋ ቁጥር ንግግሩ ከበደው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጫማ ለማድረግ የሚጣደፍ ሰው ሆነ። አንድ ቀን ዳውንታውን ጉዳይ ኖሮት ሕንፃ ከሕንፃ በሚያገናኘው የፎቅ ድልድይ ሲሄድ፣ ሩታን ከቡና ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ አያት። አንገቷ ባዶ ሆኖ፣ በሹራብ ኮፍያ ተሸፍና ለአንድ ሰው መልስ ትቆጥራለች። በድሉ ተመልሶ በመጣበት ሄደ፤ በዚያ ብርድ ውጪ ውጪውን ተጉዞ ባቡሩን ያዘ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ተቀጠረ። ምሳው አብቅቶ እንግዳው በየጠረጴዛው ሲጫወት እየዞረ ሲያነሳ፣ እትዬ ደመቀች ሩታን ከአጠገባቸው አስቀምጠዋት አየ። እንዳላየ ሊያልፍ ሲል እትዬ ደመቀች ጠሩት፤ ሁለታቸውን እንዲያነሳቸው ነው። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ሩታን እንዲህ ሲሏት ሰማ።

«ያን ጊዜ ተቀየምሽኝ፣ ልጄ? መቼም ያቺ ቀብድ ትንሽ ሳትክስሽ አልቀረችም።»

የበድሉ ጣት የካሜራው ማንሻ ላይ ቀረ። በካሜራው መስታወት ውስጥ ሩታ መጀመሪያ ግራ ስትጋባ፣ ቀጥሎ ሲገባት፣ ቀጥሎ ቀና ብላ በቀጥታ እሱን ስታየው አየ። ዓይኗን ሳትነቅል መለሰች።

«ደርሶኛል እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

እትዬ ደመቀች ደስ ብሏቸው ትከሻዋን አቀፏት። በድሉ ማንሻውን ተጫነው። የቀረውን ሠርግ እንዴት እንደጨረሰ አያስታውስም፤ ፊልሙን ሲያጥብ ግን ከዚያች ፎቶ በኋላ ያለው ግማሹ ብዥ ብሎ ወጣበት። ሙሽሮቹን ይቅርታ ጠይቆ ክፍያውን ቀነሰላቸው።

ሰኞ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ዳውንታውን ወረደ። ሩታ ዕረፍቷ እስኪደርስ ቆሞ ጠበቃት፤ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። የተናገረው ብዙ አልነበረም። ገንዘቡ ከመጀመሪያው በእጁ እንደነበር፣ ለምን እንዳዋለው፣ በስልክ የነገራት ውሸት እንደነበር ነገራት። በሁለት ፖስታ ገንዘብ አስቀመጠላት፤ አንዱ ቀብዱ፣ ሌላው ሙሉ ቀን ብትሠራ ታገኝ የነበረው ቀሪ ነው።

ሩታ አንዱን ወሰደች፣ ሌላውን በጣቷ ወደ እሱ ገፋችው። «ይኸኛው ያልሠራሁት ነው» አለችው።

«ለምን ሸፈንሽኝ?» ሲል ጠየቃት።

«በሰው ፊት ላዋርድዎ አልፈለግሁም። ሸፍኜዎትም ግን አይደለም፣ ጋሼ በድሉ። እርስዎ እንዲሰሙኝ ነው ያልኩት፤ ሲሰሙኝም አይቻለሁ።» ፖስታዋን አጥፋ ቀጠለች። «ቀብድ የጠየቅሁዎት እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። እናንተ ሐሳባችሁን ስትቀይሩ እኔ ፀጉሬን መልሼ አልቀጥለውም። ለዚያ ነው የሚጠየቀው። እርስዎ ደግሞ ሳቁብኝ።»

በድሉ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር እንዳለችው ነገረችው፤ አባባሏ የእውነት ነበር። ቆይቶ ሌላ ሥራ ሲመጣ አብራው ትሠራ እንደሆነ ሲጠይቃት ግን አሰብ አድርጋ አልችልም አለችው። ተነስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያው ቀን ወደ እትዬ ደመቀችም ሄደ። ይህኛው ባሰበት፤ እሳቸው የያዙትን ደንበኛ አቁመው ሰሙት። ሲወጣ ብቻ «አንተን እኮ እንደ ወንድም ነበር የማይህ» አሉት። በቀጣዩ ዓመት መልሰው ቀጠሩት፤ ሥራውን ይወዱለታል። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ግን ከቦርሳቸው አውጥተው የሞዴሏን ቀብድ እዚያው እሱ ፊት በእጃቸው ሰጧት። በድሉ መብራቱን እያስተካከለ ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ግን ትክክል እንደሆኑ ያውቅ ነበር።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ የሞሉን ሥራ ትቶ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ሞዴል ሲይዝ ሳይጠየቅ ግማሹን ያስቀድማል፤ ሥራው ከእሱ ወገን ቢቀር መልሺ አይልም፣ አንዳንዴም ልጅቷ ራሷ ታማ ስትቀር እንኳ አይጠይቅም። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ሞኝ ነው ይሉታል። አንዲት ሞዴል አንድ ቀን ከእናቷ ጋር መጣች፤ እናትየዋ ገንዘቡን ሲያስቀድም አይተው እንደ እርስዎ ያለ ቅን ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ አላየሁም አሉት።  አይ እማማ፣ እንደሱ አይበሉ ብሎ በድሉ ዞር አለና፣ ደህና የተወጠረውን የጀርባ መጋረጃ እንደገና ይወጥር ጀመር።