ስድስት ጫፍ ያለው ቀለበት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ከካርቶን ሦስት ማዕዘኖች ኳስ ስትገጣጥም አየኋት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ሰኔ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ላሊበላ ውስጥ ከትምህርት የወደቀ ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ለመመዝገብ አያድርም ነበር። የእኔ የሂሳብ ውጤት ደግሞ እንኳን ሊያሳልፈኝ፣ ስንቄን ቋጥሮ ግንባር ድረስ የሚሸኘኝ ዓይነት ነበር። የሂሳብ መምህራችን፣ ፈገግታን እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን የሚያድሉ ሰው፣ የመጨረሻ ዕድል ሰጡን። ከሦስት ማዕዘኖች እንደ መኪና ጎማ የተነፋ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ይሠራ፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይበልጥ እንዳይጨናነቅ በየጫፉ እኩል ስድስት ሦስት ማዕዘን ይገናኝ። ቢያንስ ስንት ጫፍ ይበቃል?

«ስድስት» አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከአእምሮዬ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሣል።

«እንግዲያው ሰኞ ሠርተህ አምጣ። ካመጣህ አልፈሃል።»

ሦስት ቀን በገብስ ዱቄት ሙጫ ስለጥፍ ከረምኩ፤ በላስታ ካርቶን የተወደደው ያኔ ነው። ቢቸግረኝ ቅዳሜ የሁለት ሰዓት ጭቃ ሽቅብ ረግጬ ቤተሰቦቼ ዘንድ ወጣሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በዚያን ዕለት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ትኩስ ዳቦው ቤቱን አውዶታል።

«ስድስት ማኅበርተኛ ይመጣል። ዋንጫ ደርድር» አሉኝ።

ስድስት ደረደርኩ።

«እኔ ደጅ ቆሜ ልያችሁ?»

«ይቅርታ አባባ፣ እርስዎን ረሳሁ» ብዬ ሰባተኛውን ሳነሣ እጄ አየር ላይ ቀረ። ስድስት ሦስት ማዕዘን ከከበበው ጫፍ ስድስት ጠርዝ ይነሣል፤ እያንዳንዱም የሚያርፈው የተለያየ ጫፍ ላይ ነው። ስድስት ጎረቤት፣ ባለቤቱ ሲጨመር ሰባት። በስድስት ጭራሽ አይሆንም!

ሰኞ ባዶ እጄን ተነሣሁ። ማኅበር ብዬ ክፍል ውስጥ ማውራት ጣጣ ስለነበረው ወግ ቀየርኩ፦ «አይሆንም ጓድ መምህር። አንድ ጓድ ስድስት ጓዶችን ለውይይት ክበብ ቢጠራ፣ ስብሰባው የሰባት ሰው ነው።»

«ክበባችሁ ጠላ ይቀዳበታል?» አሉኝ።

ላቤ እስከ ተረከዜ ወረደ። እሳቸው ግን መሳቢያቸውን ሳቡና አህያ የተኛችበት ድፎ የመሰለ የካርቶን ቀለበት አወጡ። ሰባት ጫፍ፣ አሥራ አራት ሦስት ማዕዘን።

«እኔም በስድስት ስሞክር አንድ ክረምት አልቆብኛል። ቁጭ በል፣ አልፈሃል።»

ቁጭ አልኩ ከማለት ፈሰስኩ ማለት ይሻላል።

በዚያ ዘመን «አይሆንም» ብሎ በሰላም ወደ ወንበሩ የተመለሰ ሰው ያየሁት እኔን ብቻ ነው። ዛሬም ነገር ሲከብደኝ አስቀድሜ፣ ለመሆኑ ይሆናል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ስንቱን ሸክም መንገድ ላይ አውርጄ እጄን እያወዛወዝኩ እንደሄድኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም።