በክረምት ያስቆረጥኩት ሽመል

ይህን ለባሌም ለእናቴም ነግሬ አላውቅም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚያውቁት አላህና የበደልኳቸው ሰው ብቻ ነበሩ። የምጽፈው እንዲቀለኝ ብዬ አይደለም። ዝም ማለቴ ራሱ የበደሉ ግማሽ ስለሆነ ነው።

ከወሎ መጥተው አሶሳ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ። ሥነ ሕንፃ ለሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አዲስ አበባ ስገባ ከክፍላችን ከእኛ ክልል የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጥናቴ ሽመልን፣ የቆላውን ቀርከሃ፣ መረጥኩ። ሽመል በእኛ አገር ቤትም አጥርም አልጋም ነው። መንጌ አካባቢ ባለች መንደር፣ በአካባቢው ሰው አሠራር፣ ለጤና ኬላው የእናቶች ማረፊያ የሚሆን አንድ ክፍል አሠርቼ፣ ከቆመ በኋላ ስድስት ወር ልከታተለው ከአማካሪዬ ጋር ተስማማሁ።

የሚሠሩልኝ አባ ኸሊፋ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲሠሩ የኖሩ የበርታ ሽማግሌ። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ እኔንም እንደ ወንድ ነበር የሚያናግሩኝ። የትብብር ደብዳቤዬ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቆይቶ ሐምሌ ላይ ደረሰ። ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

አባ ኸሊፋ ጫካው ጫፍ ላይ ቆመው አንዱን ሽመል በጥፍራቸው ጫር አደረጉና፣

«ልጄ፣ አሁን አይሆንም» አሉኝ። «ውሃ ጠጥቷል። ሆዱ ጣፋጭ ነው፣ ነቀዝ ይወዳል። ዝናብ ይሂድ። ኅዳር ና።»

«አባ፣ እስከ ኅዳር ከቆየሁ ዓመቱ ያልፍብኛል።»

ሆዴን አይተው ሳቁ። «እሱ እንኳ ወሩን ይጠብቃል። አንተ ከእሱ ትቸኩላለህ።»

እኔም ሳቅኩ። በማግስቱ ግን ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ። አባ ኸሊፋ የአማርኛ ጽሑፍ አያነቡም። «ወረዳው በዚህ ሳምንት ይጀመር ብሏል» አልኳቸው። ደብዳቤው ስለ ጊዜ አንድ ቃል አልነበረውም። ተባበሯት ነው የሚለው። ማኅተሙን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ መጥረቢያቸውን አነሱ።

አባ ያሉኝን አልሰማሁም ነበር? ሰምቻለሁ። አልገባኝም ነበር? ገብቶኛል፤ ማታውኑ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እያወቅኩ አስቆረጥኩ።

ቤቱ አማረ። ጥቅምት ላይ ልጄን በሰላም ወለድኩ፤ አልሃምዱሊላህ። ጥር ላይ እሷን አዝዬ መንጌ ስሄድ ወለሉ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሽመሉን መታ ሳደርገው ነቀዝ ስለበላው የባዶ ጣሳ ድምፅ ሰጠ። እዚያ ያረፈች አንዲት እናት ዱቄቱ ሌሊት ሌሊት ሕፃኗ ዓይን ውስጥ እየገባ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ግድግዳ ስላዘመመ ሰው ሳይጎዳ የመንደሩ ሰዎች አፈረሱት።

ክረምት ላይ ሽመል እንደማይቆረጥ እዚያ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስለዚህ ሰዉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ኸሊፋ አርጅቷል፣ ወር ይረሳል።» ቤት የሚያሠራ ሰው እሳቸውን መጥራት ተወ። እሳቸው ግን ያቺ ልጅ ናት ያስቆረጠችኝ ብለው ለማንም አልተናገሩም።

የካቲት ላይ ጥናቴን አቀረብኩ። ዱቄቱን በፎቶ ስላሳየሁ አንዱ ፈታኝ ጠየቀኝ፤ «የሠራው ሰው ይህን አያውቅም ነበር?»

«አያውቁም ነበር» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ጽሑፉም እንዲስማማ አደረግኩት። የአካባቢው ባለሙያዎች ስለ መቁረጫ ወቅት በቂ ግንዛቤ ስለሌላቸው ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል ብዬ ጻፍኩ። ነግረውኝ እምቢ አልኩ ብዬ ቢሆን ጥናቱ ይወድቅ ነበር? ላይወድቅ ይችል ነበር። እንዲያውም የተሻለ ጥናት ይሆን ነበር። ታዲያ ለምን? በፈታኞቹ ፊት የተሳሳተችው እኔ እንዳልሆን ብቻ። ለዚህች ትንሽ ነገር የአንድን ሰው መልካም ስም አሳልፌ ሰጠሁ።

ተመረቅኩ። አሶሳ ሥራ አገኘሁ። አላህ ጤና ሰጠኝ፣ ልጄ አደገችልኝ፣ በራሴ ንድፍ በሠራሁት ቤት እኖራለሁ። በየሶላቱ አመሰግናለሁ። ዲግሪዬ ላይ ስደርስ ግን ምስጋናው አይወጣልኝም። አላህ የራሱን ሐቅ ይቅር ይላል፤ የሰውን ሐቅ የሚለቀው ግን የተበደለው ሰው ራሱ ነው። ይህን እያወቅኩ ከአሶሳ መንጌ ያለውን መንገድ ለዓመታት ሳልሄደው ቀረሁ። ሥራ በዛብኝ እል ነበር።

በቅርቡ የሽመል አያያዝ ሥልጠና መንጌ ተዘጋጀና ከቢሮ እንድገኝ ታዘዝኩ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ጎበዝ ልጅ። ስለ ወቅቱ ሲናገር የእኔን ጥናት ጠቀሰ፤ እዚሁ አካባቢ ባለሙያው ሳያውቅ ክረምት ላይ ቆርጦ አንድ ቤት ፈርሷል አለ። ከኋላ ያሉ ጎረምሶች መሳቅ ጀመሩ። ዞር ስል አባ ኸሊፋ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ኸሊፋ፣ ጻፍ፣ ጻፍ፣ ሐምሌ አይቆረጥም» አላቸው አንዱ።

እሳቸውም አብረው ፈገግ አሉ። እኔ የፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ተነስቼ መናገር እችል ነበር። አልተነሳሁም። እንደገና፣ በዚያው ሰው ላይ፣ ዝም አልኩ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ተከትያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውን፣ ፈታኙን፣ የጻፍኩትን። ጎንበስ ብለው ገመድ መፍተላቸውን አላቋረጡም።

«ኸሊፋ አያውቅም ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ታዲያ አንተ ከማን ተማርክ?»

አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ አለቀስኩ።

«አውፍ ብያለሁ። ያኔውም ብያለሁ፣ ሆድህ ትልቅ ነበር፣ አዘንኩ» አሉኝ። ገመዱን ጠበቅ አደረጉት። «ግን አሁን የሰማሁ እኔ ነኝ። እኔማ ድሮም አውቃለሁ። የሳቁት አልሰሙም።»

ለተማርኩበት ትምህርት ክፍል ጥናቴ ላይ እርማት እንዲገባልኝ ጽፌያለሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በዚያች መንደር ሰው ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ አባ ኸሊፋንም ሽማግሌዎቹንም አስፈቅጃለሁ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ደብዳቤው ዘግይቶብኝ ነበር አልልም። እውነት ናቸው፤ ግን የዋሸሁት በእነሱ ምክንያት አይደለም። ይህን ለምታነቡት ለእናንተም የምለው እዚያ የምለውን ነው፦

አባ ኸሊፋ ያውቁ ነበር። ነግረውኝ ነበር። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።