የአባቴን ለቅሶ የደረሱ ሰዎች

በእኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሁለት ጠንካሮች ግራና ቀኝ ይይዛሉ። ዘመድ የሞተበት ሰው በሰው አገር ያለ እንደሆነ ደግሞ፣ እዚያ የሚይዘው ሰው እስኪገኝለት ድረስ መርዶው ይደበቃል። ወርም ይሁን ሦስት ወር፣ ይደበቃል።

ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ዋሽቼበታለሁና። አጎቴ የሞተ ጊዜ ልጁ ጅዳ ነበር። ስልክ የሚያነሳ ሰው ሲመረጥ ቤተሰቡ እኔን መረጠ፤ «የእሱ ድምፅ አይንቀጠቀጥም» ተባለ። «ማሳ ወርዷል»፣ «ሰግዶ ጋደም ብሏል»፣ «አሊዩ አምባ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል» እያልኩ፣ ሞቶ የተቀበረውን ሰው ሁለት ወር ሙሉ በየቦታው ሳዞረው ከረምኩ። ጎበዝ ተባልኩ። ልጁ እውነቱን ከሰማ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም፤ አልፈረድኩበትም።

እንግዲህ ይህን ሙያ ይዤ ነው ፈረንሳይ የሄድኩት።

የተቀጠርኩበት ሥራ ግን የቋንቋ ረዳትነት ነበር። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምሬ፣ ተወዳድሬ፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የፈረንሳይ ልጆችን እንግሊዝኛ እንዳናግር ተመደብኩ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ፈረንሳዮችን እንግሊዝኛ ሊያናግር! ሰፈሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነው። አባቴ ሽንኩርትና ማንጎ እያለማ ያሳደገን የቀወት ገበሬ ነው፤ ወሬ ይወዳል፣ ነገር ሲያሳስበው ግን ድምፁ ይጠፋል። ወደ መናኸሪያ የወሰደን ባጃጅ ውስጥ ሻንጣዬን አቅፎ ተቀምጦ ድንገት፣

«እዚያ ሰው አለህ?» አለኝ።

«ትምህርት ቤቱ አለ፣ ቤት የሚያከራዩኝ ሴትዮ አሉ...»

«እሱን አይደለም። አንተ አንድ ነገር ብትሆን፣ እኛም አንድ ነገር ብንሆን፣ ደጅህ የሚመጣ ሰው አለህ ወይ ነው የምልህ።»

«ኢንሻአላህ ይኖራል።»

«ኢንሻአላህማ ደግ ነው» አለ ወደ ውጭ እያየ። «ሰውም ግን ይፈለጋል።»

የደረስኩበት መንደር አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዳቦ ቤትና ብዙ ላሞች ነበሩት። አውቶቡስ በቀን ሁለቴ ያልፋል። ዳቦ ቤቱ ሰኞ ሰኞ ይዘጋል። አገሬ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጬ እንኳ ለሚያልበኝ ለእኔ ብርዱ ከባድ ነበር፤ ዝምታው ግን ከብርዱ ባሰኝ። በሁለተኛው ቀን ከቤቱ ማዶ ላሞች የሚያረባውን ጎረቤት አግኝቼ እንደ አገሬ ወግ ጠየቅኩት፤ እንዴት አደሩ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው፣ ላሞቹ ደህና ናቸው? ሰውየው ክው ብሎ ወደ ላሞቹ ዞረ። «ምን ሆኑ?» አለኝ። ምንም እንዳልሆኑ እስካስረዳው ድረስ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን አንስቶ ቶሎ ማለፍ ጀመረ።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ጉልበታቸው አልታጠፍ የሚላቸው አሮጊት ነበሩ። እኔ ፎቅ ላይ፣ እሳቸው ምድር ቤት። በልቤ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ቃል አያባክኑም። በመጀመሪያው ቀን «አሳማ አትበላም?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሳይጠይቁም ሳይረሱም ኖሩ። ደግ ነበሩ። መንደርተኛው ሁሉ ደግ ነበር። ለአባቴ በስልክ ስነግረው «ደግ ናቸው፤ ግን በር ዘግተው ነው ደግ የሚሆኑት» አልኩት። «ታዲያ ሰው የለህማ» አለኝ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ሥራዬ አፍ ማስከፈት ነው። ፈተና አላወጣም፣ አላርምም። ስምንት ስምንት ልጅ ይዤ አነስ ያለች ክፍል እገባለሁ፤ ልጆቹ ጠረጴዛውን ያያሉ። መላው የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ብዙ ማውራት ሳይሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር መስጠት፣ ሦስት ጊዜ ማስደገም፣ ሦስተኛዋ ጥርት ብላ ስትወጣ ማመስገን። እንዲህ እያልን ተላመድን።

አርብ አርብ ከቤት ይደወልልኛል። አባቴ የቪዲዮ ስልክ ሲሰጡትም ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ጆሮውን አያለሁ። ከላይ ፀጉር የበቀለበት፣ ጫፉ በፀሐይ የተላጠ ጆሮ ነው። ስልኩን ራቅ አድርገው ስለው «ታዲያ በምን ልስማህ?» ይለኛል።

ከዕለታት አንድ አርብ ጆሮው ቀረ።

«ማሳ ወርዷል» አለች እናቴ። በሚቀጥለው አርብ «ሰግዶ ጋደም ብሏል» አለችኝ። በሦስተኛው እህቴ ስልኩን ይዛ፣ ወደ ጎን እያየች፣ «አሊዩ አምባ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል» አለች። ሦስቱም የእኔው ውሸቶች ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው እንኳ አልተለወጠም። ለእኔ እንዲህ ማለት ለቀባሪው አረዱት ነው። እናቴ ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ጣፈጠችብኝ፤ «ብላ ልጄ፣ ልበስ ልጄ፣ አይዞህ» አበዛች። ስለምን አይዞህ? በአራተኛው አርብ ከኋላዋ ግቢው ታየኝ። ማንጎው ሥር የቅሬው ረጅም አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ቅሬ ሰው ሲሞት የሚቀብረን፣ ለቅሶ የሚያስቀምጠን ማኅበራችን ነው።

«ወንበሩ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የጎረቤት ሰርግ ነው» አለች፤ ቶሎ አለች።

አባቴ ሞቷል። ስልኩን ስዘጋ በዚህ አንዳች ጥርጥር አልነበረኝም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ።

ለምን አልጠየቅህም የሚለኝ ሰው የእኛን አገር አያውቅም። ብጠይቅ እናቴ ብቻዋን፣ በስልክ፣ ማንም ሳይይዘኝ ልታረዳኝ ነው። ያን ሸክም በእሷ ላይ መጫን አልሆነልኝም። ይዋሹኝ፣ እኔም ልታለልላቸው ብዬ ቅዳሜንም እሑድንም ዋጥ አድርጌው ዋልኩ። ብቻዬን ዱዓ አደረግኩ። እንባዬ ግን እንቢ አለኝ። ለቅሶ ለካ ሰው ይፈልጋል።

ሰኞ ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሐዘንተኛ ወንበር ላይ አይቀመጥም። አከራዬ ዶሮዎቻቸውን ሊያበሉ ሲወጡ አዩኝ።

«ምን ሆንክ?»

«አባቴ ሞተ» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ በሰው ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል የወጣልኝ።

ገቡ፤ ስልክ ሲያነሱ ሰማሁ፤ ብርድ ልብስ ይዘው ወጡና ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከዚያ ያንን የማይታጠፍ ጉልበታቸውን እየታገሉ፣ ግድግዳውን እየያዙ፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ለምን መሬት ላይ እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ያኔ አለቀስኩ፤ የአራት ሳምንቱን አለቀስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰው መምጣት ጀመረ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት መጣች፤ ሰኞ ነው፣ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው፣ እሷ ግን ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር መጣ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ልጆቹ የጻፉልኝን ወረቀቶች ይዛ መጣች፤ በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት፣ ከነስህተቱ። በመጨረሻ ባለ ላሙ ጎረቤቴ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። አገራችን ቢሆን ሙሾና ጩኸት ነበር፤ እነዚህ ዝም ብለው ቆሙ። አከራዬ ከመሬት ሆነው ሲያዩዋቸው እነሱም አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ ከነካፖርታቸው፣ ሣሩ ላይ።

ባለ ላሙ ብዙ ቆይቶ፣ «አባትህ ምን ያመርት ነበር?» አለኝ።

«ሽንኩርት» አልኩት። «ማንጎም አለው። ነበረው።»

ሽንኩርቱ በዘር ነው ወይስ በችግኝ፣ ውኃው ከየት ነው፣ ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት፤ ስለ ሮቢ ወንዝ፣ የውኃ ተራችን ሲደርስ በሌሊት ስለሚያስነሳን፣ ማንጎ ሊሰርቁ የሚመጡ ዝንጀሮዎችን በስማቸው እየጠራ ስለመስደቡ። ስም ያወጣላቸው ራሱ ነው። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሲመሻሽ አከራዬን ከመሬት ያነሳቸው ባለ ላሙ ነው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። አርብ አይደለም። ከፈትኩት፤ በስልኩ መስታወት ላይ ጆሮ ሳይሆን ፊት መጣ፣ የአባቴ ፊት፣ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ነጭ በነጭ ጥርስ።

«እንዴት ነው? አማረብኝ?» አለ።

ስልኩን ወረወርኩት። ከአልጋው ሥር «ኧረ ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?» ሲል ይሰማኛል።

ነገሩ ይህ ነው። የፊት ጥርሶቹ ተነቃንቀው ደብረ ብርሃን ሄዶ አስነቀላቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስገባት ድዱ እስኪድን ጠብቅ ተባለ። ጥርስ የሌለው አፍ ቃሉን እንደ ሕፃን እያኮላተፈ አስቸገረው፤ ወሬ የሚወድ ሰው አፈረ። «በዚህ አፍ ልጄን አላናግርም፣ አትንገሩት» ብሎ ቤቱን በሙሉ አስማለ። ወንበሮቹም በእርግጥ ለጎረቤት ሰርግ የመጡ ነበሩ፤ ቅሬው ለሰርግም ያውሳል፤ ይህን ማሰብ አቅቶኝ ነው።

ስቄም አልቅሼም አልወጣልህ አለኝ። ተናደድኩ። «ለቅሶህን ተቀምጬ ጨረስኩ እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። ከኋላው እናቴ «ወይኔ ልጄን!» አለች። አባቴ «አስተግፊሩላህ» አለ። ከዚያ፣ ከልቡ፣ ሳይቀልድ፣

«ማን መጣ?» አለኝ።

ቆጠርኩለት። እያንዳንዱን አስደገመኝ። ዳቦዋ ትኩስ ነበረች ወይ? ርዕሰ መምህሩ ስንት ሰዓት ተቀመጠ? ባለ ላሙ ያ የምትፈራው ሰውዬ ነው? አሮጊቷ መሬት ላይ፣ በዚያ ጉልበት? ይህን ሲሰማ አዲሱን ጥርሱን በከንፈሩ ሸፈነ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት።

«ታዲያ ሰው አለህ» አለ። «በል ሂድና እውነቱን ንገራቸው፤ ሰው አስለቅሶ ዝም አይባልም። አሮጊቷን ግን እኔ ራሴ አመሰግናለሁ፤ አገናኘኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወረድኩ። አከራዬ ወጥ ቤት ድንች ይልጣሉ። አባቴ እንዳልሞተ፣ ለምን ሞቷል እንዳልኩ፣ መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ባሌን ቀብሬአለሁ፣ ሁለት ወንድሞቼን ቀብሬአለሁ» አሉ። «የተመለሰልኝ ያንተ አባት ብቻ ነው።» እጃቸውን ጠርገው ስልኩን ተቀበሉኝ። አባቴ በበኩሉ ከባድ ነገር ሊናገር ስለሆነ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ስለዚህ እትዬ ሰላምታ የሰጡት ለጆሮው ነው።

«እትዬ፣ ለቅሶዬን ስለደረሱልኝ አላህ ይስጥልኝ» አለ አባቴ። ተረጎምኩ። «አንድ አደራ አለኝ። ቀኔ ሲደርስ ልጄ በስልክ አይስማ። ከዚህ ለእርስዎ ይደወላል፤ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ዓይኔን ወደ ድንቹ መለስኩ።

«ተርጉም እንጂ!» አለ ጆሮው። «ሥራህ አይደለም እንዴ?»

ተረጎምኩት። ድምፄ አይንቀጠቀጥም የተባለው እኔ፣ ሁለቴ ቆምኩ። እትዬ ጆሮውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጎህ ሲቀድ ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎ። ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋል።»

«ባለ ላሙ ለማለብ በማለዳ ይነሳል» አሉ። «እሱን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። እሺ በልልኝ።»

የእህቴን ስልክ ቁጥር አስጻፉኝና ፍሪጁ ላይ ለጠፉት። እህቴ ፈረንሳይኛ አታውቅም። ስለዚህ በዚያው ሰዓት፣ ያ ቀን ሲደርስ የምትላትን አንዲት የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጽፌ ላክሁላት፤ አባታችን ሞቷል፣ ለወንድሜ ይንገሩልኝ የሚል ነው። ስልኩን ከአባቴ ተቀብላ አነበበች። አልጠራም። አስደገምኳት። በሦስተኛው ጥርት ብሎ ወጣ፤ እትዬ ከድንቹ ማዶ ሆነው እንደገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም እህቴን ጎበዝ አልኳት።

«አለቀ?» አለ አባቴ ከኋላዋ። «በሉ ስልኩን ስጡኝ፤ ለሴትዮዋ ጥርሴን አላሳየኋቸውም።»